ቢላ ያረፈበት ገጽ

ሰው የጻፈውን መልሶ በቢላ የሚያስቀድደው ስላፈረበት ነው ወይስ ስለፈራ?

ሮዌና ትዌይት ይህን ጥያቄ ለራሷ ያቀረበችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዋርንቢ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። መልሱን አላወቀችውም። ለጊዜው መልሱም አላሳሰባትም፤ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለቱንም መዳፎቿን ጭኗ ሥር ከትታ መቀመጥ ነው። የሦስት መቶ ሰባ ዓመት ወረቀት በችኮላ አይነካም።

"ሚስተር ኦልድሮይድ!" ብላ ተጣራች። "እስኪ አንዴ ይምጡልኝ!"

ሽማግሌው በሩ አጠገብ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የጥንት መጻሕፍት ጠባቂ እሳቸው ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ሥልጣን ግን ሞልቷቸዋል። እስክሪብቶ ይዞ የገባን ሰው ሌባ እንደ ያዙ ሁሉ ጎትተው ያስወጣሉ፤ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሻይ ፈጽሞ አይገባም፤ ከሳቸው ወንበር ሥር ከተደበቀው ፔርሙዝ በቀር።

"ምነው፣ እሳት ተነሣ?"

"ከእሳት የባሰ ነው።"

"ከእሳት የሚብሰው ሻይ ደፍተሽበት ከሆነ ብቻ ነው። ደፋሽበት?"

"ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ይህን ወረቀት ይዩልኝ። ከታች ወደ ላይ ይዩት።"

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሲፈልጉ ቆይተው ጎንበስ አሉ። መጽሐፉ የአምብሮዝ ፔል ግጥሞች የታተሙበት ነው። ፔል የዋርንቢ ልጅ ነው፤ አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ የእንግሊዝ ንጉሥ አንገቱን የተቀላበትን ዘመን አይቶ፣ ማን ይናገር ማን ዝም ይበል እየተባለ አገር ሲታመስ የጻፈ ሰው ነው። ሁለት መስመሮቹ ገበያ አዳራሹ ግንብ ላይ በትልልቅ ፊደል ተቀርጸዋል። ዋርንቢ ውስጥ ሕፃን አፉን ሲፈታ መጀመሪያ "እማማ" ይላል፣ ቀጥሎ እነሱን ይላል እየተባለ ይቀለዳል፦

*ምላስ የታሰረባት ከተማ፣ በሯ ቢከፈት ምን ሊረባት፤*
*ጠላቴም ይናገር በገበያዋ፣ የሱ ዝምታ ነው የሚያጠፋት።*

ዘንድሮ ደግሞ ፔል ከመቃብሩ ተነሥቶ በየሬዲዮው ሲዞር ነው የከረመው። ማን ሰልፍ ይውጣ፣ ማን በአደባባይ ይጩኽ፣ የትኛው ቃል ያስከስስ በሚለው ክርክር አንዱ ወገን ጥቅሱን ባነር ላይ ይጽፈዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ "ፔል እንዲህ ያለ ጫጫታ ማለቱ አልነበረም" ይላል። የሮዌና ጥናት ይኸው ነው። ያ የጥንት ገጣሚ ለዛሬው የነፃነት ሙግት ምን ይበጃል? በዚህ ጥያቄ ስምንት ዓመት ኒውዚላንድ፣ ዱኒዲን ከተማ ተቀምጣ ተምራበታለች፣ ተመርቃበታለች፣ መጽሐፍ ጽፋበታለች። መጽሐፉ አሁን ለኅትመት ተሰጥቶ የመጨረሻ እርማቷ ነው የሚጠበቀው። ሦስተኛው ምዕራፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ "ፔል ለጠላቱ የመናገር መብት ሲሟገት አንድም ቀን አልዋለለም።"

ከተመለሰች ዘጠኝ ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ስትገላበጥ ነው የኖረችው። በሞተ ሰው አፍ መናገር ምን ዓይነት ሙያ ነው? ፔል እኮ ኤሌክትሪክ አያውቅም፣ ጋዜጣ እንኳን በቅጡ አያውቅም። እኛ ክርክራችን ሲደክመን መቃብር ቆፍረን ምስክር የምንጠራው ለምንድን ነው? ይህን ለማንም አልነገረችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ ፊት ቆማ ስለ ፔል እንድትናገር ተጠርታለችና፣ የሚጠራጠር ምስክር ማን ይፈልጋል?

"ተቀዷል" አሉ ሚስተር ኦልድሮይድ። "ይታወቃል እኮ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ቄስ መዝገቡ ላይ ጽፎታል፤ 'አንድ ወረቀት ተደግሟል፣ ተቀዷል፣ ተጠግኗል።'"

"አልተቀደደም። የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ይቦጨቃል። ይሄ ቀጥ ብሎ ነው የተሰነጠቀው። ቢላ ነው!"

"እና የማን ቢላ ነው?"

"የአታሚው!"

ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ቁጭ አለች፤ መልሳ ተነሣች። በዚያ ዘመን አንድ ወረቀት ከታተመ በኋላ በሌላ እንዲተካ ሲወሰን፣ አታሚው የሚወገደውን ወረቀት ከግርጌው እስከ መሐሉ በቢላ ይሰነጥቀዋል። ይህ ለጠራዡ የተተወ ምልክት ነው፤ ይህን ቆርጠህ ጣል፣ አዲሱን በቦታው ለጥፍ ማለት ነው። ጠራዦች ምልክቱን ስለሚያውቁ የተሰነጠቁት ወረቀቶች ሁሉ የእሳት ሲሳይ ሆነዋል። የዚህ መጽሐፍ ጠራዥ ግን፣ ያንለት ጠጥቶ ይሁን ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ አዲሱን ለጥፎ አሮጌውን ሳይጥለው ቀረ። ሁለቱም እዚያው ጎን ለጎን አሉ። የአንድ ሰካራም ስሕተት ከመቶ ጥንቁቅ ሰው የበለጠ ውለታ ዋለ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ሚስተር ኦልድሮይድ። "ባለፈው ጊዜ መጥተው መጽሐፉን ሁሉ ፎቶ ያነሡትስ? ኢንተርኔት ላይ አለ አላልሽኝም?"

"ያው ገጽ ቁጥር ሁለቴ ሲመጣባቸው 'የተደገመ ነው' ብለው ዘለሉት። እኔም ዱኒዲን ቁጭ ብዬ ያንን ፎቶ አነበብኩ። 'የዋርንቢውን ቅጂ መርምሬያለሁ' ብዬ ጻፍኩ!" ሳቋ አመለጣት። "ከአክስቴ ደጅ ሦስት መቶ እርምጃ የማይርቅ መጽሐፍ ለማንበብ የዓለምን ጫፍ ዞሬ መጣሁ።"

"እኔ እንኳን ለአክስትሽ 'ልጅቷ ለምን ሩቅ ትሄዳለች፣ እዚህ ደረጃው ብቻ ነው የሚያደክመው' ብያት ነበር" አሉና ዝቅ ብለው አነበቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ቆመ።

የመጀመሪያው መስመር ያው ግንብ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ግን፦

*ዘዋሪው ሰባኪ ግን አፉ ይዘጋ፣ የሱ ጩኸት ነው የሚያጠፋት።*

ከጎኑ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በቀጭን ቡናማ ቀለም "ይህን አውጣ። አ.ፔ." ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ሮዌና ያንን የእጅ ጽሑፍ ከእናቷ ጽሑፍ አብልጣ ታውቀዋለች። አሥራ ሰባት ደብዳቤዎቹን ቃል በቃል ገልብጣለች፤ ጅራቷ ወደ ግራ የምትታጠፈዋን ፊደል በሕልሟ ሁሉ ታያታለች።

"እሱ ራሱ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እሱ ራሱ ነው ያስወጣው።"

ሚስተር ኦልድሮይድ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ሄደው ፔርሙዛቸውን አወጡና ሻይ ቀዱላት። "ከመስኮቱ አጠገብ ሆነሽ ጠጪው" አሉ። "ለማንም ብትናገሪ ደግሞ እክዳለሁ።"

*

አክስቷ ኢኒድ ወጥ ቤቷን ማተሚያ ቤት አድርጋዋለች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ሰሌዳ፣ ወንበሮቹ ላይ በራሪ ወረቀት፣ ምድጃው ውስጥ የሥጋ ፓይ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የሮዌና እናት ከሞተች ጀምሮ ልጅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ገበያ መሐል የእንጨት ሣጥን ላይ ቆማ ትናገራለች፤ በፊት ስለ ጦርነት ነበር፣ አሁን ወንዙ ውስጥ ስለሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። ባለፈው የጸደይ ወቅት ጎረቤት የሰጣትን ድምፅ ማጉያ ይዛ ወጣች። ድንች ሻጩ ክሌም ዳይሰን "ደንበኞቼ የሚሉኝን መስማት አልቻልኩም" ብሎ አመለከተ፤ ከዚያ ምክር ቤቱ ደንብ አረቀቀ። ገበያው ላይ የሚናገርም ሆነ ወረቀት የሚያድል ሁሉ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ የሚል ነው። ሐሙስ ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ላይ ነው።

"አክስቴ፣ ቁጭ በይ።"

"ወንበር ካገኘሽ አንቺ ቁጭ በይ። ምን ሆነሻል? ፊትሽ ፍም መስሏል። ወንድ ነው?"

"ነው። ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል።"

"የአንቺ ነገር! በሕይወት ያለውን አስመርጬሽ አልሆነልሽም።"

ነገረቻት። ቃላቱ እየተጋፉ ነው የወጡት፤ ስለ ቢላው፣ ስለ ሰካራሙ ጠራዥ፣ ስለ ኅዳጉ ጽሑፍ። ኢኒድ ፓይዋን ከምድጃ አውጥታ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት ነው።

"አይ አምብሮዝ! መጀመሪያ እንደ ምክር ቤቱ ያስብ ነበራ! ከዚያ ነፍሱ ተመለሰችለት!" ፓይዋን ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችና ሮዌናን አቀፈቻት። "ጎበዝ። የእህቴ ልጅ! ዘዋሪ ሰባኪ፣ በየገበያው እየዞረ የሚጮኸው፣ ማለት እኮ እኔ ነኝ። እኔን ነው ዝም ሊያሰኝ የነበረው።"

ዳንስ ቀረሽ ደስታ ነበር። ሁለቱም ቆመው ፓይውን በእጃቸው ሲበሉ፣ ሮዌና ሐሙስ ሁለቱን ገጾች እንዴት አከታትላ እንደምታነብ ስታወራ፣ የኢኒድ ማኘክ ቀስ እያለ መጣ።

"ሐሙስ?" አለች።

"እና መቼ?"

"ዓርብ።"

"አክስቴ፣ ድምፁ የሚሰጠው እኮ ሐሙስ ነው።"

"ለዚሁ ነዋ።" እጇን በመሐረብ ጠረገች። "ስሚኝ። የምክር ቤቱ አባላት አሥራ አንድ ናቸው። አምስቱ ከእኛ ጋር፣ አምስቱ ከነሱ ጋር። የቀረው ጋርቢ ነው፣ በግ አርቢው። ጋርቢን ከእኛ ጋር ያቆመው የኔ ንግግር አይደለም፤ የኔን ንግግርማ ይጠላዋል። ያቺ ግንብ ላይ ያለችው ጥቅስ ናት። አያቱ ናቸው ያስጠኑት። አሁን አንቺ ተነሥተሽ 'ፔልም እኮ መጀመሪያ ዝም ይበሉ ብሎ ነበር' ካልሽው ምን የሚል ይመስልሻል?"

"ግን ቀየረው! ይህ እኮ ከጥቅሱ ይበልጣል።"

"ላንቺ። ላንቺ ይበልጣል፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ጋርቢ ግን በግ ነው የሚያውቀው። ሦስት መቶ ሰባ ዓመት የቆየ ወረቀት አንድ ቀን ቢጨምር ይሻግታል?"

"ስለ መናገር መብት ልመሰክር ሄጄ አንድ ገጽ ልደብቅ?"

"ደብቂ አላልኩሽም። አሳድሪው ነው ያልኩሽ።"

"ማሳደርማ ምክር ቤቱም ያሳድራል፤ ሰባት ቀን።"

ኢኒድ ይህን አልወደደችውም። መሐረቡን ወንበር ላይ ወረወረችው። "እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት እዚያች ሣጥን ላይ ቆሜያለሁ። አንቺ ባሕር ማዶ ሞቆሽ ስለ ነፃነት ስትጽፊ፣ እኔ እዚህ ዝናብ እየመታኝ ስናገረው ነበር። ሐሙስ የሚታፈነው ያንቺ ገጣሚ አይደለም። እሱ ግንቡ ላይ እንዳለ ነው። የሚታፈነው የኔ አፍ ነው።"

ሮዌና ቦርሳዋን አነሣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የሁለቱም ቃል ወጥቶ ነበር። ወደ ክፍሏ ስትወጣ ግን፣ እንዲህ አዝና እንኳ፣ ልቧ አሁንም እንደ ልጅ ልብ ይዘል ነበር። ያንን ገጽ በዓለም ላይ ያነበቡት እሷና አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

*

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የገበያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ክሌም ዳይሰን ሽርጡን ሳያወልቅ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኢኒድ ከኋላ፣ ጥቅሱ ከተቀረጸበት ግንብ ሥር ቆማለች። ሰብሳቢዋ ሚስስ ፌርበርን ደንቡን አነበቡ፤ ማንንም ለማፈን ሳይሆን ሥርዓት ለማስያዝ መሆኑን ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ከኋላ አንድ ሰው "አራተኛውን ከጨመሩበት እናምናለን!" ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ።

ሮዌና ስሟ ሲጠራ በእጇ ሁለት ወረቀት ይዛ ነበር። አንደኛው ረቡዕ የጻፈችው ነው፤ የታወቀውን ጥቅስ ያብራራል፣ ስለ ሌላው ምንም አይልም፣ ውሸትም የለበትም። ሁለተኛው የተሰነጠቀው ገጽ ግልባጭ ነው። እስከ መድረኩ ስትሄድ የትኛውን እንደምታነብ አላወቀችም። ከዚያ ዞር ስትል ግንቡ ላይ ያሉትን ትልልቅ ፊደላት አየቻቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ድንጋይ ነው ያነበበቻቸው። አሁን ግን ሰው አየች፤ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ገጹን ይዞ፣ የገዛ ቃሉን እንደ ሌላ ሰው ቃል የሚያነብ ሰው።

የመጀመሪያውን ወረቀት አጠፈችው።

"በዚህች ከተማ ውስጥ፣ ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ማንም ያላነበበው የፔል ገጽ ማክሰኞ ተገኝቷል" አለች።

ግልባጩን ዘረጋችው። አነበበችው። "አፉ ይዘጋ" የሚለው ጋ ስትደርስ አንዲት ሴት "እንዴ!" አለች፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ።

"ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው?"

"ግንቡ ሊፋቅ ነው?"

"አላልኳችሁም!" አለ ክሌም ዳይሰን ብድግ ብሎ። "ፔልም ኢኒድን ያውቃት ነበር!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ኢኒድ ሳትቀር ፈገግ አለች። ሚስስ ፌርበርን ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ "ስለዚህ ገጣሚያችን ራሱ ገደብ ያስፈልጋል ብሎ አስቦ ነበር ማለት ነው" አሉ።

"አስቦ ነበር" አለች ሮዌና። "አስቦም አሳትሞት ነበር። ከዚያ በራሱ እጅ 'ይህን አውጣ' ብሎ ጻፈ፣ ቢላም አረፈበት። እናንተ ዛሬ ልታጸድቁት የያዛችሁት እሱ ያስጣለውን ገጽ ነው።"

ጭብጨባው ጣሪያውን የሚነቅል መሰለ። እግሯ ሥር ወለሉ ሲርድ ተሰማት። ሰው ወንበር ላይ ቆሟል፤ አንዲት ነርስ ከክሌም ጋር ዘዋሪ ሰባኪዎቹ እነማን እንደነበሩ ትከራከራለች፤ ከተማ ሙሉ ስለ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይጮኻል! የሞተ ሰው አፍ አይደለም፣ አለች በልቧ። የሞተ ሰው እንዲህ አያስጮኽም። ዘጠኝ ወር ያንገላታት ጥርጣሬ ከላይዋ እንደ እርጥብ ልብስ ወለቀ።

ያኔ ጋርቢ እጁን አነሣ። ግዙፍ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሲናገር ሁሉም ይጠብቀዋል።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "ለምን አወጣው? አምኖበት ነው? ወይስ የነዚያ ሰባኪዎች ወገን ጉልበት ሲያገኝ ጊዜ ፈርቶ ነው?"

ከኋላ የኢኒድ ዓይን አገኛት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አምኖበት ነው ብትል የሚከራከራት ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ከሷ በላይ ፔልን የሚያውቅ የለማ።

"አላውቅም" አለች ሮዌና።

"አታውቂም?"

"ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ያንን ክረምት ሰባኪዎቹ በርትተው ነበር። የጻፈው ደብዳቤም የለም። የማውቀው፣ ፈርቶም ከሆነ፣ በፍርሃቱ የጻፈው ቃል ከሱ ከራሱ መብለጡን ነው።"

ጋርቢ ወደ ግንቡ ዞረ። "አያቴ ይህን ሲያስጠኑኝ አንድ ነገር እንደሆነ ነግረውኝ ነበር" አለ። "አሁን ሁለት ሆነ። እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ግን እሱ ራሱ እርግጠኛ ካልነበረ፣ እኔ በምን እርግጠኛ ልሁን? ሰባት ቀን ማሰብ ማንንም አይገድልም።"

ስድስት ለአምስት ሆነ። ደንቡ ከዓርብ ጀምሮ እንደሚጸና ሚስስ ፌርበርን አስታወቁ። ሮዌና በሕዝቡ መሐል ተጋፍታ ግንቡ ሥር ስትደርስ አክስቷ እዚያ አልነበረችም።

ውጪ ዝናቡ አባርቷል፤ ሰው ግን አልተበተነም። አደባባዩ ላይ ሦስት ቦታ ክብ ሠርቶ ይሟገታል። ሚስተር ኦልድሮይድ ባርኔጣቸው ጠሞ እየሮጡ መጡ፤ ሲሮጡ አይታቸው አታውቅም።

"አሥራ አራት ሰው ገጹን ልይ ብሎ ቀጠሮ ያዘ! ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው ሦስት ሰው ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ዝናብ ሽሽት!" አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ኢኒድ ወደ ወንዙ ስትሄድ አይቻታለሁ። ተያት ለጊዜው" አሏት።

ሮዌና አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ማዘን የሚገባት ይመስላታል፤ አዝናለችም። ነገር ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ እየፈረሰ፣ በቦታው ሌላ፣ የተሻለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በአእምሮዋ እየተሠራ ነበርና ደስታዋን ማስቆም አልቻለችም። ስልኳን አወጣች። ሦስት ጊዜ ጽፋ አጠፋች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከች፦

"አክስቴ፣ ዛሬ እንደገና ብጠየቅም መልሴ ያው ነው። ሣጥንሽን ያሳጣሁሽ እኔ መሆኔን ግን አውቃለሁ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ገጾች ጎን ለጎን አሳትሜ ገበያው ላይ አድላለሁ። ፈቃድ አልጠይቅም። ከጎኔ ትቆሚያለሽ?"

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልሱ ግን ያን ቀንም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜ ጠዋት እሷ መቶ ሃያ ወረቀት አቅፋ ከድንችና ከዓሣ ሻጮቹ መሐል ስትቆምም አልመጣም።